ቡሹሎን ለደላላ የሰጠሁ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግሩኝን ሽማግሌ አላምናቸውም ነበር። ይህን በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም። የልጆች መጻሕፍት ስለምጽፍ በየትምህርት ቤቱ ይጋብዙኛል፤ ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው፣ መምህሯ ማይክሮፎኑን አቀብላኝ፣ ሁለት ገጽ ሳላነብ አንዷ እጇን ታወጣና «ተረት ማን አስተማረዎት?» ትለኛለች። «አንድ ደግ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን» እላለሁ፤ ይጨበጨብልኛል። ደግ ነበሩ ወይ? እሱን እንጃ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ደግ፣ አንድ ቀን አጭበርባሪ ይመስሉኛል፤ ያ ጭብጨባ በመጣ ቁጥር ውስጤን ቅር ይለዋል።

አባባ ሀሜሶ ደላላ ነበሩ። የምንኖረው ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ተከራይ በታጨቀበት አንድ ግቢ ውስጥ ነበር፤ እኛ ከፊት ሁለት ክፍል፣ እሳቸው ከኋላ አንዲት ክፍል። ቀን ቀን ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ያቺን ባለ መብራት ትንሽ ሞባይል ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ቤት ሻጭና ቤት ገዢ ሲያገናኙ ይውላሉ። አመሻሽ ላይ ግን የከሰል ምድጃቸውን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ የግቢው ልጆች ሁላችንም ከብበን እንቀመጣለን። ያኔ መብራት በየምሽቱ ይሄድ ነበርና፣ ግቢው ሲጨልም እናቶቻችን ሲያማርሩ እኛ እልል እንል ነበር፤ መብራት ከሄደ የሚጠና ትምህርት የለም፣ የሚበራው የእሳቸው ፋኖስና ያ ፍም ብቻ ነው፣ የበቆሎው ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰን ተረቱ ይጀመራል።

ሲያወሩ ቸኩለው አያውቁም። አማርኛቸው የሲዳምኛ ዜማ ነበረው፤ አረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ያቆሙትና በካርቶን ቁራጭ ፍሙን ያራግባሉ፣ በቆሎውን ገልበጥ ያደርጋሉ፣ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ያ ዝምታ የሻጭ ዝምታ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ገዢን እንዲያ ነበር የሚያቁነጠንጡት።

የሚወዱት የጦጣንና የጅብን ተረት ነው። አንድ ምሽት ጦጣ ለጅብ መንገድ ሸጠችለት አሉን። ጅቡ መንገድ ገዛሁ ብሎ፣ ማንም ሳያስፈቅደኝ አያልፍበትም ብሎ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ ሚዳቋውም ጥንቸሉም በጫካው ዞረው አለፉ፤ ጅቡ እዚያው መንገዱ ላይ ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ። ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ፍርስ አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

«ሲሸጥለት ማን አየ?» አልኳቸው።

«ምን?»

«ምስክር ነበረ ወይ?»

አባባ ሀሜሶ አገጫቸውን እያከኩ ትክ ብለው አዩኝ። «ይቺ ልጅ ውል አዋዋይ ነው የምትሆነው» አሉ፤ ልጆቹ በኔ ደግሞ ሳቁ።

ጥርጣሬውን የዘራችብኝ እናቴ ናት፤ አልዋሽም። እናቴ ከወሎ በሥራ ዝውውር የመጣች መምህርት ነበረች፤ ምድጃው ዳር ከመቀመጥ አልከለከለችኝም፤ ግን ስወጣ ሁልጊዜ ክንዴን ያዝ ታደርገኝና «የሰውዬው አፍ ጤፍ ይቆላል፤ አንቺ ደግሞ የቤታችንን ነገር ሁሉ እንዳትዘረግፊላቸው» ትለኛለች። እኔም ሰማሁ። ሌሎቹ ልጆች ተረት ሊሰሙ ሲሄዱ እኔ ሰውዬውን ነቅቼ ልጠብቅ የሄድኩ ይመስል ጀመር። በቆሎውን ሲሰጡኝ አገላብጬ አያለሁ። ተረቱ ውስጥ ጦጣዋ ባሸነፈች ቁጥር የሳቸውን ፊት አያለሁ፤ ፈገግ ካሉ ደግሞ አለቀ፣ ነገር ሸተተኝ ማለት ነው።

አንድ ምሽት ተረቱን ትተው እንቆቅልሽ አመጡ። አጨዋወቱን የማያውቅ የለም፤ ያልመለሰ አገር ይሰጣል፣ የተሰጠው ደግሞ አገሩ ገብቶ ይንጎራደድበታል፣ ሰጪውን ይሰድብበታል። እሳቸው የተሰጣቸውን መልሰው አይቀበሉም፤ አንዱ የሰጠውን ሌላው መስጠት አይችልም። አዲስ አበባ ተሰጠች፣ ሻሸመኔ ሄደች፣ ዲላም አርባ ምንጭም ሄዱ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልዎ!»

«ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲገፋ ይውላል፣ ማታ ግድግዳ ተደግፎ ይተኛል።»

አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ጠፋብኝ። የሐይቅ ከተማ ልጅ ሆኜ መቅዘፊያ ጠፋኝ፤ ወይ ጉድ!

«በይ አገር ስጪኝ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

የቀረ አገር አጣሁ። ልጆቹ «ስጪ! ስጪ!» ሲሉ ደነገጥኩና አፌ ላይ የመጣውን «ቡሹሎን ሰጠሁዎ» አልኩ።

ሳቁ፤ ከልባቸው ሳቁ። «ቡሹሎ! ቡሹሎ ገብቼ፣ ዓሣዋን ጠብሼ፣ እንሰቷ ጥላ ስር ተጋድሜ፣ ጉማሬዋን እንደ በቅሎ ጭኜ፣ አንቺን መቅዘፊያ የማታውቂውን የሐይቅ ዳር ልጅ…» እያሉ ቀጠሉ። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ለኔ ግን ቡሹሎ እንደ ሻሸመኔ ስም ብቻ አልነበረችም። የአባቴ እህት አክስቴ አማረች የምትኖረው እዚያ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር። ባሏ በዚያው ዓመት ሞቶባት፣ ልጅም ስላልነበራት፣ ሐይቁ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤቷ ከእንሰቷና ከበቆሎዋ ጋር ብቻዋን ቀርታ ነበር። እኔም እሷን ሳላስፈቅድ ቡሹሎን ለደላላ ሰጠሁባት።

ቅዳሜ አባቴ ቡሹሎ አድርሶኝ ተመለሰ፤ አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ስለነበር ዕረፍት አልነበረውም። አክስቴ የቀቀለችልኝን ቦሎቄ እየበላሁ ሳለ የአጥሩ በር ተንኳኳ። አባባ ሀሜሶ ነበሩ። ኋላቸው ሁለት ሰዎች፤ አንደኛው በእጁ ሜትር ጠቅልሎ ይዟል።

እሳቸው እኔን ሲያዩ ትንሽ ደንገጥ አሉና፣ ወዲያው ፈገግ ብለው «አንቺም እዚህ ነሽ?» አሉኝ። ሰዎቹ ጓሮ ዞረው ሜትሩን ዘረጉ፤ ከእንሰቱ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ሸምበቆው እየተጠራሩ ለኩ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከኋላ ከኋላ ትከተላቸዋለች። ሲሄዱ አጎንብሳ ትከሻዬን ያዘችኝና፣ «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ያየሽውን ለአባትሽ እንዳትነግሪ። በሞቴ» አለችኝ።

በሞቴ! ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ የመሰለኝ። ሰጠሁ፤ ሰውዬውም ሊረከቡ መጡ። አክስቴን ደግሞ አስፈራርተው አፏን አስይዘዋታል። ሌሎቹን ልጆች በልቤ ረገምኳቸው፤ እነሱ አዲስ አበባን ሰጡ፣ አዲስ አበባን ማን ይለካታል!

ከዚያ በኋላ ያሉት ምሽቶች አስጨናቂ ነበሩ። ምድጃው ዳር መቀመጤን አልተውኩም፤ ብተው ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። በቆሎ ሲሰጡኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ስልካቸው ሲጮህ ጆሮዬን አቆማለሁ። አንዴ «የቡሹሎዋን ነገር ነገ እናያለን» ሲሉ ሰማኋቸው። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው የምትቃዥው?» ብትለኝም አልነገርኳትም። አክስቴ «በሞቴ» ብላኛለች።

በመጨረሻ አንድ አመሻሽ፣ ጦጣዋ ጅቡን ልታታልል ጥግ ላይ ስታደርሰው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ ራሴም አላውቅም፤ ብቻ ጮህኩ።

«ቡሹሎን ይመልሱልኝ!»

ልጆቹ ሳቁ። አባባ ሀሜሶም ጨዋታ መስሏቸው «አይመለስም፤ የተሰጠ አገር ነው» አሉ።

«ጨዋታ ነበር እኮ! በሜትር ለክተው ሊወስዱት ነው እንዴ? አክስቴ የት ትሂድ?» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ። «መለስኩልሽ፣ ልጄ። መለስኩልሽ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም። ዘወር ስል አባቴ ከሥራ ገብቶ፣ የመኪና ቁልፉን እንደያዘ የግቢው በር ላይ ቆሟል።

በማግስቱ አመሻሽ ሁለቱም እኛ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ፤ አክስቴ አማረች ሶፋው ላይ፣ አባባ ሀሜሶ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ጫፍ ላይ። መብራት ሄዶ ነበርና መሃላችን ጠረጴዛው ላይ ሻማ በራ። እኔን «ውጪ» ያለኝ ሰው ስላልነበረ እናቴ እግር ስር ኩርምት ብዬ ቀረሁ።

«አባባ ሀሜሶ፣ እርስዎ ጎረቤቴ ነዎት» አለ አባቴ፣ ራሱን ለመግታት እየታገለ። «እህቴ ባሏን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም። ቤቷን ሊያሸጧት ሲመላለሱ ለኔ አንዲት ቃል አይተነፍሱም?»

«አይንገሩት ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። «ቤቱ የኔ ነው። ከጉማሬ ጋር በቆሎ እየተካፈልኩ፣ ሲመሽ ጄሪካን እየደበደብኩ ሳባርር፣ እስከ መቼ ልኑር? ሰው ይናፍቀኛል፤ ሰው! ብነግርህ እምቢ ትለኝ ነበር። አትለኝም?»

እንደሚላት ሁላችንም እናውቃለን።

«ደግሞስ ምን ተጠቀምኩ?» ቀጠለች። «ክረምቱን ሙሉ ገዢ የተባለ ሁሉ ይመጣል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። አንድም ተመልሶ የመጣ የለም።»

ይህን ስትል አባቴ ፊቱን ወደ ሽማግሌው አዞረ። ሾፌር ስለሆነ የሰው ዓይን ማንበብ ይችልበታል። «እነማን ናቸው ገዢዎቹ?»

አባባ ሀሜሶ ኮታቸውን አስተካከሉ። ያቺ ዝምታቸው መጣች፤ በዚህኛው ግን የሚያራግቡት ፍም አልነበረም።

«አንዱ የእህቴ ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሌላው ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩም የሱ ነው።»

አባቴ ብድግ አለ። «የውሸት ገዢ! ዋጋ ሊሰብሩባት!» ደላሎች እንዲህ እንደሚያደርጉ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሌለ ገዢ እያመላለሱ ሻጩን ተስፋ ያስቆርጡና ለራሳቸው ሰው በርካሽ ያስገዙታል። እኔም በልቤ ያዝኩዎት አልኩ፤ እጅ ከፍንጅ።

«አይደለም» አሉ። «ስንቱን አሸጥኩ መሰላችሁ። በለቅሶ ልብ ቤቱን የሸጠ ሰው፣ ሐዘኑ ሲበርድለት የሸጠው ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ተመልሶ የሚመጣው እኔ ጋ ነው፤ ‹አስመልሱልኝ› ይላል። ከየት ላስመልስ? አማረችም ትንሽ ትቆይ፣ ልቧ ይረጋ ብዬ ነው። አትሽጪ ብላት ሌላ ደላላ ትይዛለች። እውነተኛ ገዢማ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኳቸው።»

አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሳና ሄዶ ትከሻቸውን ሳማቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለ። እናቴ ሳትቀር ዓይኗን ጠረገች። እኔ ብቻ ግራ ገባኝ፤ የጠረጠርኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሰውዬው ደግ ሆነው ቁጭ!

«ምኑን ነው ይስጥልኝ የምትለው?» አለች አክስቴ።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ተቆጥታ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እኔ ቤቴን ምን ነካው፣ ማን አስረገመብኝ እያልኩ ጣራ ሳይ ነው የከረምኩት። ጎረቤቶቼን ጠርጥሬያለሁ። አብረውኝ ያለቀሱትን ሴቶች ‹እናንተ ናችሁ ገዢ የምታባርሩብኝ› ብዬ ሰላምታ ነሥቻለሁ። አባባ ሀሜሶ፣ እኔ ገዢ ነው የጠየቅኩዎት፤ ተረት አልጠየቅኩዎትም!»

«ለደግ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«አፍ አውጥተው ‹አትቸኩይ› ቢሉኝ ምን ነበረበት? ምናልባት እሰማዎት ነበር። እንደ ሕፃን አጫወቱኝ።»

አፋቸው ጤፍ የሚቆላው ሰው፣ ሻማው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ አባቴ ላድርስሽ እያለ ተከተላት።

ቤቱን ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ደላላ ራሷ ሸጠችው፤ አባቴ አኩርፎ ከረመ። መሃል ከተማ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከነጓዳዋ ያዘች፤ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ ትሸጣለች። የሸጠችው ቤት በር ላይ ቆማ አላለቀሰችም። ሱቋ በር ላይ ቁጭ ብላ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ስታነጋግር ነው የኖረችው፤ እዚያ ሱቅ ስትስቅ የሰማኋትን ያህል ቡሹሎ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

እኔ ወደ ምድጃው ተመለስኩ ወይ? ተመለስኩ እንጂ። ልጅ አይደለሁ፤ ጦጣዋ ጅቡን ምን እንዳደረገችው ሳልሰማ እንዴት ልደር! አባባ ሀሜሶ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለመዱ። ተረቱን ከመጀመራቸው በፊት ቀና ብለው እኔን ብቻ ያዩና «ይሄ ተረት ነው፣ እሺ?» ይሉኛል። እሺ ስላቸው ይጀምራሉ። ተረቱ ይበልጥ ጣፈጠኝ፤ እየተታለልኩ መሆኔን አውቄ ስለምታለል ይሆናል።

ስጽፍ ያ ነገር አይለቀኝም። የመጀመሪያ መጽሐፌ ላይ ያለችው ልጅ አንበሳው ራሱ ሲያወራ «ማን አየ?» እያለች ታቋርጠዋለች። አሳታሚው «ትንሽ ጨዋ አድርጊያት፤ ወላጆች አይወዱም» ብሎኝ ነበር። አሻፈረኝ አልኩ። አንድ አባትማ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ልጄ መጽሐፍሽን ካነበበች ወዲህ የምነግራትን ሁሉ አረጋግጥ ትለኛለች» ብሎ ወቀሰኝ። ከጭብጨባው ሁሉ ያንን ወቀሳ ወደድኩት። ባነበብኩበት ክፍል ሁሉ ከኋላ ተቀምጣ ዓይኗን አጥብባ የምታየኝ አንዲት ልጅ አትጠፋም። እኔ የምጽፈው ለሷ ነው።

አምና አክስቴ አማረች ታመመች። ሐኪሙ አባቴን ለብቻው ጠርቶ ካንሰር ነው አለው። አባቴም እኛን ሰብስቦ «ጨጓራ ነው በሏት» አለን፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ ቃሉ ተላለፈ፣ ሁሉም ተስማማ። እንዲህ ነው ልማዳችን፤ የታመመ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቋ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጊው አለችኝ።

«ወንድሜ ዓይኔን እያየ አያወራኝም» አለች፤ ጭኗ ላይ ካለው ሳህን ቁልፎችን በቀለም በቀለም እየለየች። «ድሮ ቁጣው ነበር የሚያስፈራኝ፤ አሁን ትሕትናው አስፈራኝ። ሐኪሙ ምንድን ነው ያለው?»

«ጨጓራ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ነገርኳት። ስሙንም ነገርኳት፣ ሕክምናው አዲስ አበባ እንደሆነም፣ ሐኪሙ ተስፋ አለው ማለቱንም፣ ተስፋው ትንሽ መሆኑንም ነገርኳት። እያለቀስኩ ነው የነገርኳት።

አንድ ቀይ ቁልፍ ከነጮቹ መሃል አውጥታ ወደ ቦታው መለሰች።

«ተመስገን» አለች። «አሁን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።» ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ማወቄን ለወንድሜ እንዳትነግሪው። አይችልም እሱ» አለችኝ።

«አክስቴ፣ ይሄማ ውሸት ነው።»

«ከጠየቀሽ ንገሪው። እውነቱን ፈልጎ ከጠየቀሽ ንገሪው።»

ስወጣ አባቴ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። እርጅናው ጎበጥ አድርጎታል። ፊቴን ላለማየት መሬት መሬት እያየ «ጠረጠረች እንዴ?» አለኝ።

ጠየቀኝ እንግዲህ። ግን አጠያየቁን አየሁት፤ በእጁ ባርኔጣውን እያሻሸ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የሚመጣውን መልስ እየፈራ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ተረት የሚጠብቅ ፊት ሳይ ነው የኖርኩት፤ አባቴ እውነት አልነበረም የጠየቀኝ።

«ኧረ ምን ትጠረጥራለች» አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀና ባርኔጣውን ደፋ።

አሁን እሑድ እሑድ እኛ ቤት አብረን ምሳ እንበላለን። ሕክምናዋን ጀምራለች፤ አዲስ አበባ የምትመላለሰው ለጨጓራዋ ነው፤ አባቴ እንደዚያ ይላል። በርበሬ ያለበትን ወጥ ከፊቷ ያነሳና «ለጨጓራሽ ጥሩ አይደለም» ይላታል። እሷም ፊቷን ኮስተር አድርጋ «እሺ፣ ወንድሜ» ትልና አልጫውን ወደ ራሷ ትስባለች። አልጫ ከልጅነቷ ጀምሮ አትወድም።